ሬት ሲንድረም ላለባት ልጄ የሙዚቃ ሕክምና፦ ምን ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ «የስድስት ዓመቷ አባት»፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። እስከ ዓመት ከመንፈቋ ድረስ እንደ እኩዮቿ ታድግ ነበር፤ «አባ»፣ «እማ»፣ «ውሃ» ትል፣ ዳቦዋንም በእጇ ይዛ ትበላ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ቃላቱም የእጇ ሥራም ጠፉ፤ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው እጆቿን ሳታቋርጥ ማሻሸት ጀመረች። መጀመሪያ ኦቲዝም ነው ተባልን፤ በኋላ ናሙናዋ ወደ ውጭ አገር ተልኮ በተደረገላት የዘረመል ምርመራ ሬት ሲንድረም መሆኑ ተረጋገጠ። አሁን ተደግፋ ትቆማለች፣ ሰው ሲይዛት ጥቂት ትራመዳለች፣ አትናገርም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስዳለች፣ አንዳንድ ጊዜም ትንፋሿን ይዛ ስለምትቆይ እንደነግጣለን።

ይህች ልጅ ሙዚቃ ስትሰማ ፊቷ ይፈካል፤ የእጆቿ መሻሸትም ለአፍታ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ይህን ያዩ አንድ ወዳጃችን «የሙዚቃ ሕክምና እሰጣለሁ» ከሚል ግለሰብ ጋር አገናኙን። ግለሰቡ ኪቦርድ በሚገባ ይጫወታል፤ ከልጆች ጋርም ትዕግሥት ያለው ይመስላል። ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ልጅቷ እንደምትናገር፣ የሚጥላት ነገርም ስለሚረጋጋ መድኃኒቱን መቀነስ እንደሚቻል ነግሮናል። የሚጠይቀው ክፍያ አሁን ለፊዚዮቴራፒ ከምናወጣው ጋር ስለሚስተካከል ሁለቱን ባንድ ጊዜ መክፈል አንችልም። ባለቤቴ ልጃችን የምትደሰትበትን እንምረጥ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጀርባዋ መጣመም ስለ ጀመረ ፊዚዮቴራፒውን ማቋረጥ ያስፈራኛል።

ስለዚህ የምታውቁ እንድትነግሩኝ የምፈልገው ይህን ነው። የሙዚቃ ሕክምና በእርግጥ ሕክምና ነው ወይስ ልጅን ማስደሰቻ? እንደ ልጄ ላሉ፣ እክላቸው ከባድ ለሆነ ልጆች ምን ሊያደርግ ይችላል? ሕክምናውን እሰጣለሁ የሚለውን ሰውስ ምን ብለን ብንጠይቀው እውነቱን እንለያለን? የሠለጠነ ባለሙያ ካላገኘንም እኛው በቤታችን ልናደርገው የምንችለው ነገር ካለ ብትጠቁሙን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ፦ «የሙዚቃ ቴራፒስቷ»፣ ሃይፋ

ወንድሜ፣ ነገሩን በዝርዝር ስለጻፉልን መልሱን አቅልለውልናል። እኔ ያደግሁትም የሠለጠንሁትም በእስራኤል ነው፤ ከባድ የዕድገት እክል ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት ልዩ ትምህርት ቤት ውስጥ ከፊዚዮቴራፒስት፣ ከንግግር ባለሙያና ከመምህራን ጋር በአንድ ቡድን እሠራለሁ። ሬት ሲንድረም ካለባቸው ልጃገረዶች ጋር የመሥራት ዕድል ስላገኘሁ በዚያው ላይ ላተኩር።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልናገር፤ የሙዚቃ ሕክምና የጠፋውን ንግግር አይመልስም፣ የሚጥል በሽታንም አይፈውስም። በሽታው ኤም.ኢ.ሲ.ፒ.2 በተባለው ዘረመል ላይ በሚደርስ ለውጥ እንደሚመጣ የዘረመል ተመራማሪዋ የሁዳ ዞግቢ ቤተ ሙከራ በ1999 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ዜማ ይህን ለውጥ ሊነካው አይችልም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃ የሚያግዘው በሌላ በኩል ነው፤ ልጅቷ የምታውቀውንና የምትፈልገውን ለሰው የምታሳይበትን መንገድ ይከፍታል።

የዚህ በሽታና የሙዚቃ ሕክምና ትውውቅ የቆየ ነው። አንድሬያስ ሬት የተባለው ኦስትሪያዊ ሐኪም በ1954 በቪየና ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ በእናቶቻቸው ጭን ላይ ሆነው እጃቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያሻሹ ሁለት ልጃገረዶችን አይቶ ነገሩን መከታተል ጀመረ። ጽሑፉን በ1966 ቢያወጣም በጀርመንኛ ስለነበር ብዙ ሰው አላስተዋለውም፤ በሽታው በሰፊው የታወቀው ስዊድናዊው ቤንግት ሃግበርግና ባልደረቦቹ በ1983 የ35 ልጃገረዶችን ሁኔታ ከገለጹ በኋላ ነው። በ1959 በቪየና የሙዚቃ ሕክምና ሥልጠና ሲመሠረት ከደገፉት ሐኪሞች አንዱ ይኸው ሬት ነበር። በ1986 ደግሞ አልበርቲን ቬሴኪ የተባለች ባለሙያ ለእነዚህ ልጆች ስለሚሰጥ የሙዚቃ ሕክምና በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፋለች። በሌላ አነጋገር፣ ሙዚቃው ሕክምና ላጣ በሽታ ኋላ ላይ የተፈለሰፈ ማጽናኛ አይደለም፤ ልጆቹን አስቀድመው ያወቋቸው ሐኪሞች ራሳቸው የፈለጉት ነገር ነበር።

ብዙ ሰው የሙዚቃ ሕክምና ሲባል ልጅን አስቀምጦ ዘፈን ማሰማት ይመስለዋል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ትምህርት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ በ1959 በእንግሊዝ አገር ሰንፊልድ በተባለው የልጆች ማሳደጊያ አብረው መሥራት ሲጀምሩ የያዙት መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልጁ ቢያለቅስ ፒያኖው የለቅሶውን የድምፅ ከፍታ ይከተላል፤ ልጁ ቢወዛወዝ በዚያው ፍጥነት ይጫወትለታል። መሪው ልጁ፣ ተከታዩ ባለሙያው ነው። ልጁ «እኔ ያደረግሁት ነገር ይህን ድምፅ አመጣ» የሚለውን ሲደርስበት ከሌላ ሰው ጋር መቀባበል ይጀምራል። ለልጅዎ የሚመጣው ሰው ሥራ ሕክምና መሆኑንና አለመሆኑን ለመለየት ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለኝም፤ እርሱ ሲጫወት ልጅቷ ትሰማለች ወይስ ልጅቷ ስታደርግ እርሱ ይመልሳል?

ከሬት ሲንድረም ልጆች ጋር ስንሠራ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። እነዚህ ልጆች ሐሳቡ እያላቸው ሰውነታቸው ቶሎ አይታዘዝላቸውም። አንድ ነገር ጠይቀናቸው መልሳቸው ከብዙ ሰከንዶች በኋላ፣ አንዳንዴም ደቂቃ ሊሞላ ሲል ይመጣል፤ እኛ ደግሞ በሦስተኛው ሰከንድ «አልገባትም» ብለን ወደ ሌላ ነገር አልፈናል። ሙዚቃ እዚህ ላይ ታላቅ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም በዘፈን መካከል ያለ ዝምታ በንግግር መካከል እንዳለው ዝምታ አያስጨንቅም። የምታውቀውን መዝሙር እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ዘምረን ቃሏን ሳንላት እናቆማለን፤ ፊቷን እያየን እንጠብቃለን። ትንፋሽ መሳብ፣ ዓይንን ማንሳት፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ትንሽ ድምፅ ማውጣት፣ ከነዚህ አንዱ ሲመጣ መልስ እንደሆነ ቆጥረን መዝሙሩን እንጨርስላታለን። ይህ ሲደጋገም ልጅቷ ዘፈኑ በእርሷ ትእዛዝ እንደሚቀጥል ትረዳለች።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ምርጫ ነው። ኮኻቪት ኤሌፋንት የተባለችው እስራኤላዊት የሙዚቃ ቴራፒስት ከሙያ ባልደረባዋ ከቶኒ ዊግራም ጋር በ2005 ባሳተመችው ጥናት ሬት ሲንድረም ያለባቸው ሰባት ልጃገረዶች ዘፈኖችን በሚወክሉ ምልክቶች አማካይነት የሚፈልጉትን መምረጥ፣ ምርጫቸውንም በወጥነት ማሳየት እንደሚችሉ፣ የተማሩትንም እንዳልረሱ አረጋግጣለች። ሰባት ልጅ ትንሽ ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በዘመናት ሁሉ «ምንም አይገባቸውም» ሲባሉ ለኖሩ ልጆች ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ዘፈን መምረጥ የቻለች ልጅ ነገ ምግቧን፣ ልብሷን፣ «ይብቃኝ» ማለትንም በዚያው መንገድ መማር ትችላለችና።

በቤታችሁ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። የምትወዳቸውን ሁለት መዝሙሮች የሚወክሉ ሁለት ሥዕሎችን ወይም ዕቃዎችን አዘጋጁ፤ በዓይኗ ትይዩ አራርቃችሁ ያዙ፤ ስማቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራችሁ ዝም በሉ። ረዘም አድርጋ ያየችውን ወዲያውኑ ዘምሩላት። ከዚያ ሥዕሎቹን ቀኝና ግራ አለዋውጣችሁ እንደገና ጠይቁ፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የምታይ ከሆነ እየመረጠች ሳይሆን ያ ጎን ቀልሏት ሊሆን ይችላልና።

ስለ ግለሰቡ የጠየቁትን በተመለከተ፦ የት እንደሠለጠነ፣ በማን ክትትል ሥር እንደሠራ፣ ለልጅዎ የትኛውን ግብ እንደሚይዝና መድረሱን በምን እንደሚለካ ይጠይቁት። በኦስትሪያ ከ2009 ጀምሮ ሙያው በሕግ የተደነገገ ነው፤ በእንግሊዝም የሙዚቃ ቴራፒስት ነኝ ለማለት በመንግሥት እውቅና ባለው አካል መመዝገብ ግዴታ ነው። ሰውየው ይህ ሥልጠና ባይኖረውም ጎበዝ ሙዚቀኛ መሆኑ ጥቅም አለው፤ ግን ሕክምና ነው ሳይል፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ግቡን እየነገረችው፣ እርሱም ሙዚቃውን እያበጀ ቢሠራ ይሻላል።

መልስ፦ «የሕፃናት ሐኪም»፣ አዲስ አበባ

እህታችን የጻፉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ በማስረጃው ላይ ግን ከእርሳቸው ይልቅ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። በሬት ሲንድረም ላይ የተደረጉት የሙዚቃ ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ናቸው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በኦቲዝም ላይ የተገኘውን ውጤት ነው። በኦቲዝም ረገድ በዘጠኝ አገሮች ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት በሆኑ 364 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመው ትልቅ ሙከራ በፈጠራ ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ሕክምና ከመደበኛው እንክብካቤ ጋር ሲጨመር ከአምስት ወር በኋላ በማኅበራዊ ግንኙነት ምልክቶች ላይ ጉልህ ልዩነት እንዳላመጣ ዘግቧል። በ2022 የታደሰው፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ 26 ጥናቶችንና 1,165 ሰዎችን አሰባስቦ አጠቃላይ መሻሻልና የኑሮ ጥራት በሙዚቃ ሕክምና የመጨመር ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደሚመስል፣ በንግግር ላይ ግን ግልጽ ልዩነት እንዳልታየ ገልጿል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የምደርስበት ነገር ለልጅና ለቤተሰብ የሚጠቅም ነገር እንዳለ፣ «ትናገራለች» የሚለው ቃል ኪዳን ግን በኦቲዝም እንኳ መሠረት እንደሌለው ነው። ሬት ሲንድረም ደግሞ ኦቲዝም አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የሚጥል በሽታን መድኃኒት በማንኛውም ሙዚቀኛ ምክር አትቀንሱ። በድንገት የሚቋረጥ መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚቀጥልና ሕይወትን የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ይህን ቃል የሰጠ ሰው በሌላው ነገር ሁሉ ቅን ቢሆን እንኳ በዚህ አንድ ነገር ከድንበሩ አልፏልና ሊነገረው ይገባል።

በተጨማሪም በሬት ሲንድረም ልጆች ላይ መንቀጥቀጥ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ ሁኔታዎች ብዙ ናቸው፤ ትንፋሽ መያዝ፣ ፈዞ መቅረት፣ ድንገተኛ ሳቅ። በሙዚቃ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ፤ አስፈላጊ ከሆነ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ይደረግላታል። ሙዚቃ ራሱ መንቀጥቀጥ የሚቀሰቅስበት የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ፤ በጣም ብርቅ ስለሆነ ግን ሙዚቃን የምንፈራበት ምክንያት አይሆንም። የልብ ምት ምርመራዋ ካልተደረገ እንዲደረግላት አደራ እላለሁ፤ በእነዚህ ልጆች ላይ በኢ.ሲ.ጂ. (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በሚመዘግበው ምርመራ) ብቻ የሚታይ፣ በዚያ መዝገብ ላይ ኪው-ቲ የሚባለው ክፍተት የመርዘም ችግር ይገኛልና።

ጀርባዋ መጣመም ከጀመረ የፊዚዮቴራፒው ጉዳይ ለድርድር አይቀርብም። የጀርባ አጥንት መጣመም ሲባባስ አቀማመጥን፣ መተንፈስንና መብላትን ሁሉ ይነካል። በተቻለ መጠን እንድትቆምና እንድትራመድ ማድረግ፣ አቀማመጧን ማስተካከል፣ ጊዜው ሲደርስም የአጥንት ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ሙዚቃው ይህን እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አይሁን።

አዲስ መድኃኒትን በተመለከተ ሳትጠይቁኝ ልመልስ፤ ወላጆች ሁሉ ያነሡታልና። ትሮፊኔታይድ የተባለው መድኃኒት በመጋቢት 2023 (በፈረንጆች) በአሜሪካ ለሬት ሲንድረም የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኗል። ምልክቶችን በመጠኑ ያሻሽላል እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ተቅማጥ ያበዛል፤ ዋጋውም ከባድ ነው።

የወላጅ ሥልጠናንም አስቡበት። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት እክል ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው፣ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ያሉት መርሐ ግብር በኢትዮጵያም ለአገሩ ሁኔታ እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ልጁን ተከትሎ መጫወትን፣ ዓይን ማየትን፣ መጠበቅን የሚመለከት ስለሆነ እህታችን ስለ ዘፈን ከጻፉት ጋር ይገጥማል።

መልስ፦ «የልጁ እናት»፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኔ ሐኪምም ሙዚቀኛም አይደለሁም፤ ከባድ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል) ያለበት ልጅ እናት ነኝ። በዚህ አገር የሙዚቃ ሕክምና በልጁ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ እንደ ተጓዳኝ አገልግሎት ሊካተት ይችላል፤ የሚሰጠው ግን ልጁ ከትምህርቱ እንዲጠቀም አስፈላጊ መሆኑ በግምገማ ከታየ ብቻ ነው። ግምገማው የሚሠራበት መንገድ ለእርስዎም ሊጠቅም ይችላል ብዬ አሰብሁ። ባለሙያዋ ልጄን አንድ ሥራ በሙዚቃም ያለ ሙዚቃም ታሠራውና ልዩነቱን ትመዘግባለች። ልዩነት ካልታየ ሙዚቃ ስለሚወድ ብቻ አገልግሎቱ አይፈቀድም። እኛም በቤታችን ይህን ማድረግ እንችላለን፤ ልጅዎ ማንኪያ በምትይዝበት ጊዜ ወይም በምትራመድበት ጊዜ አንዳንዴ በዜማ፣ አንዳንዴ ያለ ዜማ አድርጋችሁ ተመልከቱ።

በእኛ ቤት ውጤት ያየንበት እርምጃ ላይ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ማይክል ታውት የተባሉት ተመራማሪ በኮሎራዶ ያዳበሩትን፣ በምት እርምጃን የማስተካከል ዘዴ ይጠቀማል። ልጄ በመራመጃው እየሄደ በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ይቆጠራል፤ የስልኩ ምት ቆጣሪ በዚያው ቁጥር ይደረጋል፤ እርምጃው ከምቱ ጋር ሲገጥምለት ፍጥነቱ ጥቂት በጥቂት ከፍ ይላል። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ ችክችካ ከፍቶለት ነበር፤ ለልጁ ከመጠን በላይ ፈጣን ስለሆነ እግሩ ተሳሰረ። ስለዚህ ልጅን ወደ ዘፈኑ ሳይሆን ዘፈኑን ወደ ልጁ አምጡ እላለሁ። ይህ ዘዴ በሴሬብራል ፓልሲ ላይ እንጂ በእርስዎ ልጅ በሽታ ላይ ምን ያህል እንደተሞከረ ሐኪሙ ይናገሩ፤ የምታራምዳት ባለሙያ ግን ቢያንስ ልትሞክረው ትችላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ስለሚወድ ተብሎ ቴሌቪዥንና ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ማስጮህ በብዙ ቤቶች ያየሁት ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ዘፈን ልጁ አይሰማውም፤ ሲጠፋም ሲበራም ልዩነት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው ከ75 ዴሲቤል በማይበልጥ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ ማዳመጥ ነው። «ድምፁን ቀንሱልኝ» ማለት ለማይችል ልጅ ይህን የሚጠብቅለት እኛ ብቻ ነን።

የጠያቂው ምላሽ፦ «የስድስት ዓመቷ አባት»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። ፊዚዮቴራፒው እንዲቀጥል፣ መድኃኒቱም እንዳይነካ ተስማማን፤ ለሙዚቀኛውም ያለ ሕክምና ቃል ኪዳን፣ በፊዚዮቴራፒው ሰዓት በወር ጥቂት ቀን እየመጣ እንዲጫወትላት ሐሳብ አቅርበንለት ዋጋውን ቀንሶ እሺ ብሏል። የልብ ምርመራዋን ቀጠሮ ይዘናል።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የባለቤቴ ወንድም ክራር ይደረድራል፤ እቤት እየመጣ ሊያግዘን ዝግጁ ነው። አማቴ ደግሞ በጾም ጊዜ በገና ይደረድራሉ፤ ልጅቷም ሲደረድሩ ተረጋግታ ታዳምጣለች። በእነዚህ መሣሪያዎች እጇን ማሠራት ይቻላል? ለውጥ መጣ የምንለውስ እውነት መሆኑን፣ ጉጉታችን እንዳላሳየን በምን እንለያለን?

መልስ፦ «የሙዚቃ ቴራፒስቷ»፣ ሃይፋ

ክራር ለዚህ ሥራ እጅግ የሚመች መሣሪያ ነው፤ እኛ እዚህ በብዙ ወጪ የምንገዛቸው የልጆች የክር መሣሪያዎች የሚሰጡትን ጥቅም ይሰጣል። አጎቷ በትዝታ ወይም በባቲ ከቃኘው ባዶ ክሮቹ ሁሉ የቅኝቱ ድምፆች ስለሆኑ ልጅቷ የትኛውን ብትነካ የተሳሳተ ድምፅ አይወጣም። ስለዚህ ማንም «እንዲህ አይደለም» ብሎ እጇን አያርማትም፤ አጎቷም በዚያው ቅኝት እየዘፈነ የነካችውን ድምፅ ወደ ዜማው ያስገባዋል። የብረት ክር ጣቷን ሊያቆስል ስለሚችል ናይለን ይሁን። ክራሩን በጠረጴዛ ላይ ወይም በትራስ ላይ አጋድማችሁ፣ ክሮቹ ወደ ላይ ሆነው፣ ክርኗ ተደግፎ ይቅረብላት።

እጆቿ እርስ በርስ ሲሻሹ ሁለቱንም ለማላቀቅ አትታገሉ። የምትጠቀምበትን እጅ ነፃ ትታችሁ ሌላውን እጅ ብቻ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፤ አንዳንድ ባለሙያዎች ለዚህ ክርንን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ለአጭር ጊዜ ያስራሉ፤ ይህን ግን ፊዚዮቴራፒስቷ ትወስን። እጇን ወስዳችሁ በክሩ ላይ አትጎትቱት። ክርኗን ከሥር ደግፋችሁ ጠብቁ፤ ጣቷ ክሩን የነካው በእርሷ ፈቃድ ከሆነ አጎቷ ወዲያውኑ ይመልስላት። ሲደክማት ወይም ትንፋሿ ሲዛባ አቁሙ፤ አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

በገና ሌላ ነው። የአማትዎ በገና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ የእጅ ማሠልጠኛ አናደርገውም። ሆኖም ዝቅተኛውና የሚነዝረው ድምፁ በሰውነት ይሰማል፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ሲደረድሩ ልጅቷ በአጠገባቸው ተቀምጣ መዳፏ ወይም እግሯ የድምፅ ሳጥኑን ይንካ። ስታዳምጥ ትንፋሿ ይስተካከል እንደሆነ ተመልከቱ።

ስለ ልኬቱ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ዘፈን ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ቪዲዮውን ባለቤትዎም እርስዎም ለየብቻ አይታችሁ ክሩን ስንት ጊዜ በፈቃዷ እንደነካች፣ ከጥያቄው እስከ መልሱ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት፣ የትኛውን ሥዕል በየትኛው ጎን እንዳየች ጻፉ፤ ከዚያ ወረቀቶቻችሁን አስተያዩ። ሁለታችሁ የተለያየ ቁጥር ከጻፋችሁ ምን እንደ መልስ እንደምትቆጥሩ መጀመሪያ ተስማሙ። የምናደንቀው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በአንዱ ወላጅ ዓይን ብቻ ነውና ይህ ይጠቅማል። በዚያው ወረቀት ላይ እንቅልፏን፣ መንቀጥቀጥ መኖር አለመኖሩንና የመድኃኒት ለውጥን መዝግቡ፤ መጥፎ ሳምንት የመጣው ከመድኃኒት ለውጥ ሆኖ ሳለ ሙዚቃው አልሠራም እንዳትሉ።

ሁለት ሦስት ወር ሠርታችሁ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ግቡን አሳንሱት ወይም ለውጡት፤ ለምሳሌ ክሩን መንካት ከብዷት ከሆነ ክሩን ማየቱን ብቻ እንደ መልስ ቁጠሩላት። ቪዲዮዎቹንም ለፊዚዮቴራፒስቷና ለሐኪሟ አሳዩ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ እኔም አይቼ አስተያየት እሰጣለሁ፣ ለዚህ ክፍያ አያስፈልግም።